የአሸዋ ማጣሪያ ላለው መዋኛ ገንዳ ውሃ የሚያጠሩ ኬሚካሎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በቤቱ፣ በእንግዳ ማረፊያው ወይም በሆቴሉ የአሸዋ ማጣሪያ የተገጠመለት ገንዳ ለሚይዝ ሰው የተዘጋጀ ነው። ሱቅ ሄዶ «ውሃው ደፍርሶብኛል፣ የሚያጠራ ስጡኝ» ላለ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሊሸጡለት ይችላሉ። አንደኛው ማጣሪያውን ያግዛል። ሌላኛው በብዛት ማጣሪያው ውስጥ ከገባ አሸዋውን ያበላሻል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚነሱት ከዚህ መደባለቅ ነው።

ክላሪፋየር እና ፍሎክ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የሚሠሩበት መንገድ አንድ ነው። ውሃን የሚያደፈርሱት ጥቃቅን ነገሮች፣ ማለትም የአፈር ብናኝ፣ የሞተ አልጌ፣ ከሰው ገላ የሚለቅ ቆሻሻ፣ አብዛኞቹ ኔጋቲቭ ቻርጅ አላቸው። ስለዚህ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ አይያያዙም፤ አንድ በአንድ ደግሞ ለመስከን ክብደታቸው አይበቃም። ኬሚካሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ይገባና ያጣብቃቸዋል።

ልዩነቱ የተጣበቀው ቆሻሻ መጨረሻው የት ነው የሚለው ላይ ነው። ክላሪፋየር ብዙውን ጊዜ ፖሊመር፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ረጅም ሞለኪውል ነው። በጥቂት ሚሊ ሊትር ይጨመራል፣ ቆሻሻውን አሸዋው ሊይዘው እስኪችል ድረስ ብቻ ያሳድገዋል፣ ከዚያ ፓምፑ ስቦ ወደ ማጣሪያው ይወስደዋል። ፍሎክ የሚባለው በአብዛኛው አሉሚኒየም ሰልፌት ወይም በተለምዶ አሉም የሚባለው ነው። በኪሎ ይገባል፣ ቆሻሻውን ጠቅልሎ ወለል ላይ ያሰክነዋል፣ እርስዎም ቫክዩም አድርገው በማጣሪያው ሳያሳልፉ ወደ ውጭ ይደፉታል። ባጭሩ የክላሪፋየር ቆሻሻ አሸዋው ላይ ይቀራል፣ የፍሎክ ቆሻሻ ግን አሸዋውን መንካት የለበትም።

አሸዋው ራሱ ለምን አያጣራውም?

ጥሩ የማጣሪያ አሸዋ ቅንጣቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ20 እስከ 40 ማይክሮን የሚደርስ ነገር ይይዛል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው ብለው ያስቡ። የሸክላ አፈር ብናኝ ከ2 ማይክሮን በታች ነው፤ ነጠላ የአልጌ ሕዋስም ብዙውን ጊዜ አሸዋው ከሚይዘው ያንሳል። እነዚህ በአንዱ በኩል ገብተው በሌላው በኩል ተመልሰው ገንዳው ውስጥ ይገባሉ። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም ያው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ትንሽ ቆሻሻ የያዘ አሸዋ ፍጹም ንጹህ ከሆነው ይልቅ አጣርቶ ያወጣል፤ የተያዘው ቆሻሻ ክፍተቱን ያጠብበዋልና። ውሃው ደፈረሰ ብሎ በየቀኑ ባክዋሽ የሚያደርግ፣ ማለትም ውሃውን በአሸዋው ውስጥ ከታች ወደ ላይ አሳልፎ የሚያጥብ ሰው ማጣሪያውን በየቀኑ ወደ መነሻው ይመልሰዋል።

ኬሚካል ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

አንድ ብርጭቆ ውሃ ከገንዳው ይቅዱና ብርሃን ላይ አስቀምጠው ይመልከቱ።

ድፍርሱ ከታች ወደ ላይ እየጠራ በአንድ በሁለት ደቂቃ ከጠፋ ችግሩ ቆሻሻ ሳይሆን አየር ነው። ፓምፑ ከመምጫው ቧንቧ አየር እየሳበ ነው፤ የቅርጫቱን ክዳን ጎማ፣ የቧንቧ ማያያዣዎችንና የገንዳውን የውሃ ከፍታ ይፈትሹ። አዲስ አበባ ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከጠረፍ አገር ሩብ ያህል ያንሳል፤ ከውሃው ከፍ ብሎ የተተከለ ፓምፕ ደግሞ ውሃ ለመሳብ የሚተማመነው በዚሁ ግፊት ነው። ለአየር ክላሪፋየር መጨመር ገንዘብ መጣል ነው።

ብርጭቆው ነጭ ደመና ከያዘ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት። ከጠራ ካልሲየም ነው። ከፍ ያለ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ልክ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ባለው ውሃ ላይ ብዙ የዱቄት ክሎሪን ሲጨመር ይህ ይከሰታል። መድኃኒቱ ፒኤቹን ወደ 7.2 ማውረድና ፓምፑን ማሠራት ነው።

ውሃው ጥርት ያለ ሆኖ ቀለሙ ግን አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ የሟሟ ብረት ወይም መዳብ ሊሆን ይችላል። የሟሟ ነገር ቅንጣት ስለሌለው ክላሪፋየር የሚያጣብቀው የለውም።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ፣ ብርጭቆው ለሰዓታት ተቀምጦም እንደደፈረሰ ከቀረ፣ ያኔ ስለ ክላሪፋየር እናውራ።

ውሃው አረንጓዴ ሆኗል። ክላሪፋየር ያጠራዋል?

አያጠራውም። ሕያው አልጌ ክላሪፋየሩ ከሚያጣብቀው በላይ ይራባል። መጀመሪያ ይግደሉት። ፒኤቹን ወደ 7.2 ያውርዱ፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከፍ ያለ መጠን ያለው ክሎሪን ይስጡት፣ ግድግዳውንና ወለሉን ይቦርሹ፣ ፓምፑም አያርፍ። አልጌው ሲሞት ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ወተት መልክ ይቀየራል። የክላሪፋየር ተራ ያኔ ነው፣ እሱም ክሎሪኑ ወደ መደበኛው ማለትም ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር ሲመለስ። ከፍተኛ ክሎሪን የፖሊመሩን ሰንሰለት ይቆራርጠዋል፤ ሁለቱን በአንድ ማታ የሚጨምር ሰው አንደኛውን በሌላኛው እያጠፋ ነው።

ፒኤች የሚለውን ቃል እየደጋገምኩት ያለሁት በምክንያት ነው። ፒኤች 7.5 ላይ ካለው ነፃ ክሎሪን ግማሽ ያህሉ ጀርም ገዳይ በሆነው መልኩ ይገኛል፤ 8 ላይ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ በአብዛኛው ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ ፒኤቹ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይጎትታል። እዚያ ገንዳ የሚይዝ ሰው ከክላሪፋየር በፊት መግዛት ያለበት የፒኤች መለኪያና ፒኤች ማውረጃ ነው።

እሺ፣ ውሃው በትክክል ክላሪፋየር የሚፈልግ ነው። እንዴት ልጨምር?

ባክዋሽ ማድረግ ካለብዎ አንድ ቀን ቀደም ብለው ያድርጉና ማጣሪያው ጥቂት ሰዓታት ይሥራ። ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.6፣ ክሎሪንም በመደበኛው መጠን ይሁን። በንጹህ ማጣሪያ የግፊት መለኪያው ስንት እንደሚያሳይ ይጻፉ። ይህን ቁጥር በማጣሪያው ላይ በማርከር የጻፈ ሰው ከግማሽ በላይ ጣጣውን ጨርሷል።

የገንዳውን መጠን ያስሉ፤ ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በአማካይ ጥልቀት። 10 በ5 ሜትር ሆኖ ከ1.20 እስከ 1.80 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ አማካዩ 1.50 ስለሆነ 75 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ጠርሙሱ ላይ ከታዘዘው በግማሹ ይጀምሩ። በባልዲ የገንዳ ውሃ ውስጥ በጥብጠው ፓምፑ እየሠራ በገንዳው ዙሪያ ያፍስሱት። ሳይበጠበጥ በስኪመሩ፣ ማለትም ከገንዳው ላይኛ ገጽ ውሃ በሚስበው አፍ ውስጥ በአንድ ቦታ ከተደፋ ግን ወፍራሙ ፖሊመር ቀጥታ አሸዋው ላይ ሄዶ ይለጠፋል።

ጠርሙሱ በጋሎንና በአውንስ ነው የሚያወራው።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ጠርሙስ ከሆነ አዎ። 10,000 ጋሎን ማለት 38 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ፈሳሽ አውንስ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ «ለ10,000 ጋሎን 4 አውንስ» የሚል ጽሑፍ ካገኙ ለ75 ሜትር ኩብ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል ማለት ነው፤ በግማሽ ሲጀምሩ 120። የምርቶቹ ጥንካሬ እጅግ ስለሚለያይ የአንዱን ልክ ለሌላው አይጠቀሙ።

በስንት ጊዜ ይጠራል?

ከ1 እስከ 3 ቀን፣ ፓምፑ ሳይቋረጥ ከሠራ። ለምን ቶሎ አይሆንም ለሚል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማጣሪያ በሰዓት 12 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያሳልፋል። 75ቱን ሜትር ኩብ ለማዞር 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጅበታል። ነገር ግን የተጣራው ውሃ ተመልሶ ካልተጣራው ጋር ስለሚደባለቅ፣ በአንድ ዙር በእርግጥ ማጣሪያው ውስጥ ያለፈው 63 በመቶው ብቻ ነው። በሁለት ዙር 86፣ በሦስት 95፣ በአራት 98 በመቶ ይደርሳል። አራት ዙር ማለት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ነው። በቀን 4 ሰዓት ብቻ ፓምፕ እያስነሱ «ኬሚካሉ አይሠራም» ማለት ፍርድ ማጉደል ነው።

ከጨመርኩ በኋላ ይባስ ደፈረሰ። ለምን?

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሆነ ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ለዓይን የማይታየው ቆሻሻ ተያይዞ መታየት ጀምሯል ማለት ነው። ይጠብቁ።

ከሁለት ቀን በኋላም እንደዚያው ከሆነና በመካከል ደግመው ደጋግመው ጨምረው ከሆነ ግን አብዝተዋል። ኔጋቲቭ የነበረው ቆሻሻ ሁሉ በፖሊመር ተሸፍኖ አሁን ፖዘቲቭ ሆኗል፤ ስለዚህ እንደገና እርስ በርሱ ይገፋፋል፤ ከመጀመሪያውም የባሰ ተበታትኖ ይቀራል። ሌላ ጠርሙስ መክፈት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ምንም አይጨምሩ። ፓምፑን ያሠሩ፣ ክሎሪኑን በመደበኛው መጠን ይጠብቁ፣ ግፊቱ ሲጨምር ባክዋሽ ያድርጉ። ክሎሪኑ ፖሊመሩን ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላው ነገር የአልጌ መከላከያው ነው። አንዳንዶቹ የአልጌ መድኃኒቶች ራሳቸው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፖሊመሮች ናቸው። በዚያው ሳምንት ሁለቱንም የጨመረ ሰው ሳያውቀው ሁለት መጠን ክላሪፋየር ሰጥቷል።

ባክዋሽ መቼ ላድርግ?

ግፊቱ ንጹህ ሆኖ ከጻፉት ቁጥር ከ0.5 እስከ 0.7 ባር፣ ወይም ከ8 እስከ 10 ፒኤስአይ ሲጨምር። ክላሪፋየር ከገባ በኋላ ይህ ከወትሮው ቶሎ ይደርሳል፤ ማጣሪያው እየያዘ መሆኑን የሚነግርዎም እሱ ነው። ጨርሶ ካልጨመረ ግን ውሃው በአሸዋው መካከል ሰርጥ አበጅቶ እያለፈ ሊሆን ይችላል።

የቫልቩን እጀታ ከማዞርዎ በፊት ፓምፑን ያጥፉ፤ ሁልጊዜ፣ ያለ ምንም ልዩነት። ፓምፑ እየሠራ የዞረ ቫልቭ ውስጡ ያለው ጎማ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ወጪ ነው። በማያው ብርጭቆ ውስጥ ውሃው እስኪጠራ፣ ማለትም ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ባክዋሽ፣ ከዚያ ከግማሽ እስከ 1 ደቂቃ ሪንስ፣ ማለትም ውሃውን ከላይ ወደ ታች አሳልፎ ወደ ውጭ መድፋት። ሪንሱን የዘለለ ሰው የተረፈውን ቆሻሻ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። ከላይ ባነሳነው ማጣሪያ አንድ ባክዋሽ 600 ሊትር ያህል ውሃ ያወጣል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን በርሜል ቆጥሮ ማቀድ ያስፈልጋል።

አሉም መጠቀም ብፈልግስ? ከየት ይገኛል፣ ስንት ልጨምር?

አሉሚኒየም ሰልፌት የከተማ የመጠጥ ውሃ የሚያጠሩ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ አገር ውስጥም አዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ ያመርተዋል። ለገንዳ የሚጠቀሰው የተለመደ መጠን በሜትር ኩብ 50 ግራም ያህል ነው። ለ75 ሜትር ኩብ 3.75 ኪሎ ይመጣል።

ነገር ግን በጭፍን ከመጨመር መሞከር ይሻላል። የውሃ መሐንዲሶች በቤተ ሙከራ የሚሠሩትን በባዶ ሃይላንድ መሥራት ይችላሉ። በኩሽና ሚዛን 10 ግራም አሉም መዝነው በ1 ሊትር ውሃ ያሟሙ። ሦስት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንዶች በገንዳ ውሃ ይሙሉ። ከዚያ በመርፌ ሲሪንጅ ለአንዱ 2፣ ለሁለተኛው 4፣ ለሦስተኛው 6 ሚሊ ሊትር ከሟሟው ይጨምሩ። ይህ በሜትር ኩብ 20፣ 40 እና 60 ግራም ከመጨመር ጋር እኩል ነው። አንድ ደቂቃ በደንብ ይናጡ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል በዝግታ እያገላበጡ ያቆዩ፣ ግማሽ ሰዓት ይተዉት። በትንሹ አሉም በደንብ የጠራው ልክዎ ነው። ሦስቱም ካልጠሩ ፒኤቹን ይፈትሹ።

አሉም አሲድነት አለው። እያንዳንዱ ሚሊ ግራም ከአልካሊኒቲው፣ ማለትም ውሃው አሲድን ከሚቋቋምበት አቅም፣ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ይበላል፤ 50 ከጨመሩ 25 ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አልካሊኒቲው በሊትር ከ80 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ አስቀድመው በሶዲየም ባይካርቦኔት ያሳድጉት። ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.6 ይሁን። ወደ 8 ከተጠጋ አሉሚኒየሙ ሳይሰክን ሟሙቶ ይቀርና በኋላ ፒኤቹ ሲወርድ እንደገና ደመና ሆኖ ይመጣል።

አሠራሩን በቅደም ተከተል ይንገሩኝ።

አመሻሽ ላይ ይጀምሩ። በነጋታው ወደ ውጭ የሚደፋ ውሃ ስላለ ገንዳውን አስቀድመው ከወትሮው ከፍ አድርገው ይሙሉት። ፓምፑን አጥፍተው እጀታውን «ሪሰርኩሌት» ላይ ያድርጉ፤ ውሃው አሸዋውን ሳይነካ ይዞራል። አሉሙን በባልዲ አሟሙተው በገንዳው ሁሉ ያዳርሱ፣ ፓምፑን 2 ሰዓት ያህል ያሠሩና ያጥፉት። ከዚያ እስከ ንጋት ማንም ውሃውን አይንካ።

ጠዋት ወለሉ ላይ ግራጫ ምንጣፍ ያገኛሉ። እጀታውን «ዌስት» ላይ (ውሃውን በአሸዋው ሳያሳልፍ ወደ ውጭ የሚደፋው ቦታ) አድርገው በቫክዩም ይሳቡት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሸው፤ ያልሰከነ ቡና እንደሚቀዳ ሰው ይቸኩላል፣ ዝቃጩም ተነስቶ ውሃው ከላይ እስከ ታች ይደፈርሳል። ብሩሹን በጣም በዝግታ ይግፉት። ከተነሳ ፓምፑን አጥፍተው ጥቂት ሰዓታት ይጠብቁ፤ ተመልሶ ይሰክናል። ሲጨርሱ ገንዳውን ሞልተው ፒኤች፣ አልካሊኒቲና ክሎሪን ለክተው ያስተካክሉ።

ማጣሪያዬ «ዌስት» የሚል ቦታ የለውም።

እጀታቸው የሚገፋና የሚሳብ አንዳንድ ቫልቮች ማጣሪያና ባክዋሽ ብቻ ናቸው ያላቸው። የተለየ ፓምፕ ወይም በሲፎን ወደ ታች የሚወስድ ቱቦ ካለዎ ዝቃጩን በዚያ ይሳቡ። ከሌለዎ አሉምን ይተዉና በክላሪፋየር ይታገሡ። ባክዋሽ ላይ አድርጎ መሳብ መፍትሔ አይደለም፤ ዝቃጩን ከታች በኩል አሸዋው ውስጥ ይከተዋል። ካርትሪጅ ማጣሪያ (በአሸዋ ፈንታ በታጠፈ ጨርቅ መሰል ነገር የሚያጣራ) ያላቸው ደግሞ አሉምን ፈጽሞ አይሞክሩት።

ትላልቅ ገንዳዎች በአሸዋ ማጣሪያ ላይ ያለማቋረጥ ፍሎክ ይሰጣሉ ይባላል። ከላይ ያሉት ጋር አይጋጭም?

አይጋጭም፤ መጠኑ ነው የሚለየው። ብዙ ዋናተኛ የሚገባባቸው ገንዳዎች ፖሊአሉሚኒየም ክሎራይድ የሚባለውን በዶዚንግ ፓምፕ ጠብታ በጠብታ ከማጣሪያው በፊት ያስገባሉ። በብሪታኒያ የሚመከረው መጠን ለሚዘዋወር አንድ ሜትር ኩብ 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። በሰዓት 12 ሜትር ኩብ ለሚያዞር ማጣሪያ በሰዓት 1.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ማለት ነው፤ በማንኪያ ሊሰጥ የሚችል ነገር አይደለም።

ዋናው ዓላማው ውሃውን ማሳመር አይደለም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ስለሆነ ባዶ አሸዋ ያሳልፈዋል፤ በመደበኛ ክሎሪን ውስጥም ከሳምንት በላይ ይኖራል። ስለዚህ ሊይዘው የሚችለው በፍሎክ የታገዘና ውሃው በዝግታ የሚያልፍበት ማጣሪያ ነው። ልጆች የሚበዙበት የሆቴል ገንዳ ያለው ሰው ከሚያብረቀርቅ መብራት በፊት ይህን ቢያስገጥም ደስ ይለኛል።

መብራት ቢጠፋስ?

ክላሪፋየር ከጨመሩ በኋላ ከጠፋ ጉዳት የለውም፤ ቆሻሻው ወለል ላይ ይሰክናል፤ መብራቱ ሲመጣ ቦርሸው ያስነሱትና ፓምፑ ይውሰደው። ፓምፑ ግን ውሃ ሳይዝ ደርቆ እየዞረ እንዳይሆን ቆመው ይመልከቱ። አሉም ከሆነ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም፤ ፓምፑ ጠፍቶ መቆየቱን ራሱ ነው የምንፈልገው።

ክሎሪኑንና አሉሙን በአንድ ባልዲ ልበጥብጥ?

በፍጹም። አሉምም ሆነ ፖሊአሉሚኒየም ክሎራይድ አሲዳማ ናቸው። ከክሎሪን ዱቄት ወይም ፈሳሽ ጋር ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ የፓምፕ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ፒኤች ማውረጃ አሲድም እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ኬሚካል የራሱ ባልዲና የራሱ መስፈሪያ ይኑረው፣ በቀለም ቢለዩአቸው ይመረጣል። ሁለት ዓይነት ክሎሪንም አያደባልቁ፤ ዱቄቱ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ከትሪክሎር ታብሌት ጋር ተገናኝቶ እሳት ሊያስነሳ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ሁልጊዜ ኬሚካሉን ወደ ውሃ እንጂ ውሃን ወደ ኬሚካል አይጨምሩ። በርሜሎቹ ደረቅ፣ ነፋሻና ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ።

የሺፈራው ፍሬ ውሃ ያጠራል ሲባል ሰምቻለሁ።

እውነት ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ድፍርስ ውሃን ያሰክናል። ለእንስራ ውሃ ነው ግን። ከፍሬው የሚለቀው ሌላው ነገር ሁሉ ገንዳ ውስጥ ክሎሪን ይበላል፣ ለአልጌም ምግብ ይሆናል። ቅጠሉን ይብሉት።

ኬሚካሉ ከገባ በኋላ መዋኘት ይቻላል?

ክላሪፋየር ከሆነ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቀው፣ ክሎሪንና ፒኤች ልክ ከሆኑ ይቻላል። ይሁን እንጂ አንድ የማይጣስ ደንብ አለ። ዳር ቆመው ጥልቁ ጋ ያለውን የወለል መውረጃ ክዳን በግልጽ ካላዩ ገንዳው ይዘጋ። ድፍርስ ውሃ ውስጥ የሰጠመ ሰው አይታይም። ቅዳሜ እንግዳ መጥቷል፣ ሠርግ አለ የሚባለው ምክንያት አይሆንም።

በየሳምንቱ ጥቂት ብጨምር ይጠቅማል?

በአብዛኛው አይጠቅምም። ገንዳው በየሳምንቱ ክላሪፋየር ካልጠጣ የማይጠራ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፤ ፓምፑ የሚሠራበት ሰዓት አጥሯል፣ ክሎሪኑ ቀትር ላይ በፀሐይ እያለቀ ነው፣ ወይም አሸዋው ሞቷል። በክረምት ኃይለኛ ዝናብ አፈር ሲያስገባ፣ በበጋ ነፋስ አቧራ ሲያለብሰው፣ ያኔ ይጠቀሙበት። በቅባት የሚመጣ ድፍርስን ግን አይችለውም። የፀጉር ቅቤ፣ ቫዝሊንና የፀሐይ መከላከያ ክሬም አሸዋውን ይሸፍኑታል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ከመግባት በፊት በሳሙና መታጠብና ለማጣሪያ የተሠራ ቅባት ማጽጃ ነው።

አሸዋውን መቀየር ያለብኝ መቼ ነው? የግንባታ አሸዋ ይሆናል?

በተለምዶ ከ5 እስከ 7 ዓመት። ከዚያ በፊትም ቢሆን ፓምፑን አጥፍተው፣ ግፊቱን አስወጥተው ክዳኑን ከፍተው ይዩት። እጅዎን ሲከቱ እንደ ጓል የተጋገረ ነገር ካገኙ፣ ወይም ላዩ ላይ ጉድጓድና ስንጥቅ ካለ፣ ብዙ ክላሪፋየር ወይም ቅባት ጠጥቷል።

የግንባታ አሸዋ አይሆንም። ደቃቁ ወደ ገንዳው ያልፋል፣ ሻካራው ቆሻሻ ያሳልፋል፣ የእሳተ ገሞራ ቀላል ድንጋይ ካለበት ደግሞ በባክዋሽ ተንሳፍፎ ይወጣል። መጠኑ አንድ ዓይነት የሆነ፣ የታጠበ ሲሊካ አሸዋ ነው የሚያስፈልገው። ሲሞሉ ታንኩን መጀመሪያ በግማሽ ውሃ ይሙሉት፤ አለዚያ የሚወርደው አሸዋ ከታች ያሉትን ቀዳዳማ የፕላስቲክ ቱቦዎች ይሰብራቸዋል። አዲስ አሸዋ ሲገባ ባክዋሽና ሪንስ ሳያደርጉ ወደ ገንዳው አያሠሩ።

የባክዋሹን ውሃ ለአትክልት ላጠጣ?

ለሣርና ለዛፍ፣ በበርሜል ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ክሎሪኑ ከጠፋ በኋላ፣ ይቻላል። ሰላጣና ጎመን ላይ አያድርጉት። በመዳብ የተሠራ የአልጌ መድኃኒት ከተጠቀሙ ለምንም ተክል አይሁን። የአሉሙ ዝቃጭ የአፈሩን ፎስፈረስ ስለሚይዝ ተክል በሌለበት መሬት ላይ ይደፋ። ቢሾፍቱና ሐዋሳ ያላችሁ ደግሞ ክሎሪን ያለው ውሃ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አትልቀቁ፤ ዓሣ ይገድላል።